ጆርጂያን ከባሕሩ በኩል ጀምሯት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ትምህርት ሲዘጋ፣ ጁን መጨረሻ ላይ ዘጠኝ ቀን እረፍት አለን። እህቴ አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን፣ ጆርጂያ ስለምትኖር በመኪና ልንሄድባት አስበናል። ልጆቼ 4፣ 10 እና 13 ዓመታቸው ነው፤ መካከለኛው አራተኛ ክፍል እየጨረሰ ነው። እናቴም ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ናት። 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ የሰኔን ጾምም ትጾማለች። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የአትላንታን አኳሪየምና የኮካ ኮላን ሙዚየም ብቻ ይለኛል። ሌላ ምን አለ? በጀታችን ያን ያህል አይደለም።»

መልስ፦

የእናትዎን ጉልበትና የልጆቹን ዕድሜ አብረው ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ቤተሰብ ማስጎብኘት ሥራዬ ነው፤ ትምህርት ሊዘጋ ሲል «ጆርጂያ ምን እንይ?» የሚል ጥያቄ ይበዛብኛል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «በየት በኩል ነው የምትገቡት?» ብዬ ነው።

ጂፒኤሱ ከቨርጂኒያ ወደ ክላርክስተን አይ 85 በሚባለው አውራ ጎዳና ነው የሚያመጣችሁ። ብዙ ሰው በዚያ ይመጣል። እህቱ ቤት ሻንጣውን ያወርዳል። ከዚያ ቡናው ይፈላል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ «ነገ እንወጣለን» እየተባለ ሳምንቱ ያልቃል። ወደ ባሕሩ ለመውረድ ደግሞ ከአትላንታ ሳቫና 250 ማይል ነው፣ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ደርሶ መልሱ ሲታሰብ ሁሉም ይሰንፋል። ባሕሩ ሳይታይ ወደ ቤት ይገባል።

እናንተ ግን መኪና ይዛችሁ ነው የምትመጡት፤ ስለዚህ በአይ 95 ውረዱ። አሌክሳንድሪያ ሳቫና 570 ማይል ገደማ ነው። ከአራት ዓመት ልጅና ከእናትዎ ጋር በአንድ ቀን አትጨርሱት፤ ካሮላይና ውስጥ አንድ ሌሊት እደሩ። ከዚያ ሳቫና፣ ከሳቫና ወደ ደቡብ ጄኪል ደሴት፣ ከጄኪል በሜከን በኩል ወደ ክላርክስተን። ወደ ቤት ስትመለሱ በአይ 85። መንገዱ ክብ ይሆናል፣ አብዛኛውን ሁለት ጊዜ አትነዱትም። የእህትዎ ቤት መጨረሻ ላይ ሲሆን ደግሞ ልብስ የሚታጠብበትና የቤት ምግብ የሚበላበት ቦታ ደክሟችሁ ስትደርሱ ይጠብቃችኋል።

ስለ ሙቀቱ አንድ ነገር ልበል። ጁን መጨረሻ ላይ የጆርጂያ ሙቀት በሴልሺየስ 32 እና 33 ይደርሳል፣ ባሕሩ ዳር ወበቅ ይጨመርበታል። አዲስ አበባ ለኖረች እናት ይህ ቀላል አይደለም። ደንቡ አጭር ነው፦ የውጭ ነገር በአሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ 8 እስከ 11፤ ከዚያ ምሳ፣ ኤሲ፣ እንቅልፍ፤ ከዚያ እንደገና አመሻሽ ላይ። ከሰዓት በኋላ መብረቅና ዶፍ ብዙ ጊዜ ስለሚመጣ ቀትር ላይ ቤት መግባት በሁለት በኩል ያተርፋል። በቀን አንድ ትልቅ ነገር ብቻ ያዙ። ሦስት ቦታ በአንድ ቀን የሚል እቅድ ያለው ቤተሰብ ሁለተኛው ቦታ ላይ ሲጣላ አይቻለሁ።

ሳቫናን በ1733 የመሠረታት ጄምስ ኦግልቶርፕ ነው። ከተማዋን በትንንሽ አደባባዮች ከፋፍሎ ነው የነደፋት፤ ከ24ቱ 22ቱ ዛሬም አሉ። እያንዳንዱ አደባባይ ላይ ትልልቅ ኦክ ዛፍ፣ ጥላና አግዳሚ ወንበር ታገኛላችሁ። ለእናትዎ የተሠራ ከተማ በሉት፦ ትንሽ ተራምዶ መቀመጥ፣ ደግሞ ትንሽ ተራምዶ መቀመጥ። መሃል ከተማውን የሚያዞረው ዶት የሚባል አውቶቡስ ነፃ ነው። ወንዙን የሚያሻግረው ትንሽ ፌሪም ነፃ ነው። የአራት ዓመቱ ልጅ ከከተማው ሁሉ የሚያስታውሰው ይህንን ጀልባ ቢሆን አይገርመኝም፤ ደርሶ መልስ ደጋግማችሁ ብትሄዱ የሚቆጣችሁ የለም።

ሪቨር ስትሪት ላይ ቆማችሁ መርከብ ጠብቁ። የሳቫና ወደብ ከአሜሪካ ትልልቅ የኮንቴይነር ወደቦች አንዱ ነው፤ ወደቡ ያለው ደግሞ ከከተማው በላይ በኩል ነው። ስለዚህ መርከቦቹ የግድ በከተማው ፊት ለፊት ያልፋሉ። ኮንቴይነር እስከ ሰማይ የተደረደረበት መርከብ ከምግብ ቤቱ መስኮት አጠገብ ድምፁን አጥፍቶ ሲንሸራተት የ13 ዓመቷም ስልኳን ታስቀምጣለች። እዚህ ግን ለጉልበት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የወንዙ ዳር መንገድና መውረጃዎቹ የተነጠፉት ድሮ መርከቦች ለክብደት ጭነው ባመጡት ድንጋይ ነው፤ ያንሸራትታል፣ ወጣ ገባ ነው። ደረጃዎቹም ቀጥ ያሉ ናቸው። ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ሊፍት አለና እናትዎን በዚያ አውርዷት።

ማታ ማታ የሚሸጡትን የመናፍስት ጉብኝቶች እለፏቸው። ሳቫና በዚህ ንግድ የታወቀች ናት። ትንሹ ልጅ አይተኛላችሁም፣ እናትዎም እያማተቡ ነው የሚያመሹት።

ከሳቫና ወደ ታይቢ ደሴት ሲኬድ መንገድ ላይ ፎርት ፑላስኪ አለ። ለእኔ በዚህ አካባቢ ከልጆች ጋር ቢታለፍ የሚያስቆጨው ይህ ነው። ዙሪያውን በውሃ ቦይ የተከበበ፣ በተንቀሳቃሽ ድልድይ የሚገባበት፣ 25 ሚሊዮን ገደማ ጡብ የፈጀ ምሽግ ነው። ሲሠራ ማንም አይደፍረውም ተብሎ ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1862 አፕሪል ላይ የሰሜኑ ጦር ከታይቢ በኩል አዲስ ዓይነት መድፍ ተኮሰበት። የመድፉ አፈሙዝ ውስጡ ጠመዝማዛ ጎድጓዳ መስመር ስላለው ጥይቱ እየተሽከረከረ ይወጣል፤ ርቆ ይሄዳል፣ ዒላማውም አይስትም። ምሽጉ 30 ሰዓት ገደማ ቆይቶ እጁን ሰጠ። በደቡብ ምሥራቁ ግድግዳ በኩል በውጭ ዙሩና ጡቡን ቀረብ ብላችሁ እዩት። የፈነዳው ቦታ ሁሉ ጉድጓድ ጉድጓድ ነው፣ አንዳንዱ ጥይት እስከ ዛሬ ጡቡ ውስጥ ተቀርቅሮ ይታያል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች እዚህ መጠጊያ አገኙ፤ ለትልቋ ልጅ ይህንን ንገሯት።

እዚህ ቦታ ላይ ሁለት ነገር ገንዘብ ያድንላችኋል። አንደኛ፣ አራተኛ ክፍል ያለ ልጅ «ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ» በሚባለው ፕሮግራም የፌዴራል ፓርኮችን በነፃ የሚያስገባ ፓስ ያገኛል፤ አብረውት ያሉትን ልጆችና እስከ ሦስት አዋቂም ያስገባል። እስከ ኦገስት መጨረሻ ይሠራል። ከመነሳታችሁ በፊት ቤት ሆናችሁ አውጡለትና በወረቀት አትማችሁ ያዙ። ሁለተኛ፣ በየፌዴራል ፓርኩ «ጁኒየር ሬንጀር» የሚባል ደብተር ጠይቁ፣ በነፃ ነው። ልጁ ጥያቄዎቹን እየሞላ ይዞራል፣ ሲጨርስ ሬንጀሩ፣ ማለት የፓርኩ ጠባቂ፣ ቀኝ እጁን አስነስቶ ቃል ያስገባውና ባጅ ይሰጠዋል። በዚህ ጉዞ ቢያንስ ሦስት ባጅ መሰብሰብ ይችላል፦ ፎርት ፑላስኪ፣ ሜከን፣ አትላንታ። «መቼ ነው የምንሄደው?» የሚለው ጭቅጭቅ ከዚያ በኋላ ይቀንሳል።

ታይቢ ባሕር ዳሩ ደስ ይላል፣ ግን ይጨናነቃል። ፓርኪንግ በሰዓት ነው የሚከፈለው፣ ረፈድ ካለም ቦታ አይገኝም። የመርከብ መብራት ማማው 178 ደረጃ አለው፤ አባትና ትልቋ ልጅ ይውጡት፣ እናትዎ እንጨት ድልድዩ ላይ ጥላ ስር ነፋስ ይቀበሉ። አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከእኛ ወላጆች ዋና የማይችለው ብዙ ነው። አትላንቲክ ዳር ወደ ውስጥ የሚጎትት ሞገድ አለ። የሕይወት አድን ሠራተኛ ያለበት ቦታ ብቻ ግቡ፣ ባንዲራው ቀይ ከሆነ ከቁርጭምጭሚት በላይ አትግቡ።

ባሕር ዳር ረጅም ሰዓት መቆየት ከፈለጋችሁ የእኔ ምርጫ ጄኪል ደሴት ነው። ከሳቫና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይርቃል። ወደ ደሴቱ ስትገቡ ለመኪናው በቀን ይከፈላል፣ በሰው አይደለም፤ ስለዚህ ለቤተሰብ ይረክሳል። በ1886 የአሜሪካ ሀብታሞች የክረምት መናፈሻ ክለባቸውን እዚህ ሠርተው ነበር። በ1947 የጆርጂያ መንግሥት ገዛው። አብዛኛው መሬት ሳይነካ እንዲቆይ ሕጉ ያስገድዳል። ለዚህ ነው ባሕር ዳሩ ጸጥ ያለው።

እዚያ «ጆርጂያ ሲ ተርትል ሴንተር» አለ፣ የባሕር ኤሊዎች ሆስፒታል ነው። ልጆች የሚወዱት ሕክምናውን በመስታወት ማየት መቻላቸውን ነው። ብዙዎቹ ታካሚዎች የጀልባ ሞተር የመታቸው ናቸው። ዛጎሉ የተሰነጠቀ ኤሊ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፣ ሐኪሟ ቁስሉን ታጥባለች፣ ኤሊው ክንፉን እያማታ ይታገላል። ከውጭ በገንዳዎቹ አጠገብ የእያንዳንዱ ታካሚ ስምና የሕመሙ ታሪክ ተለጥፏል፤ የአሥር ዓመቱ ልጅ አንድ በአንድ ካላነበብኩ ይላችኋል። ጁን ደግሞ እናት ኤሊዎች ሌሊት ወጥተው አሸዋ ውስጥ እንቁላል የሚጥሉበት ወር ነው። ስለዚህ ማታ ባሕር ዳር ባትሪ ወይም የስልክ መብራት ማብራት ክልክል ነው፤ መብራት ያሳስታቸዋል። ልጆቹ የቆፈሩትን ጉድጓድም ማታ ሳትሄዱ ድፈኑት። ኤሊዋ ብትገባበት መውጣት አትችልም።

በሰሜን ጫፍ ድሪፍትውድ ቢች የሚባለውን እዩ። ባሕሩ ዳርቻውን እየበላው ጫካው ውስጥ የነበሩት ዛፎች ደርቀው አሸዋው ላይ ወድቀዋል፤ ግንዳቸው በጨውና በፀሐይ ነጥቷል። ለፎቶ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። መሄድ ያለባችሁ ውሃው ሲሸሽ ነው፤ ሰዓቱን ከስልክ ላይ ማየት ይቻላል። ለዋና ግን አይሆንም፣ ግንዱ ውሃ ውስጥም አለ።

በደቡቡ ጫፍ ሴንት አንድሩስ የሚባል ባሕር ዳር አለ። በ1858 «ዋንደረር» የተባለ መርከብ ከ400 የሚበልጡ አፍሪካውያንን በድብቅ ያወረደው እዚህ ነው። ከውጭ ባሪያ ማስገባት በአሜሪካ ሕግ ከተከለከለ 50 ዓመት ሆኖት ነበር። ዛሬ በአንድ አፍሪካዊ ልጅ ዓይን ታሪኩን የሚተርክ አጭር የእግር መንገድ ተሠርቶበታል፤ ልጆች የሚነኩት፣ የሚያሰሙት ነገር አለው። በ1950ዎቹ ደግሞ በዘር መለያየት ዘመን ይኸው ቦታ በጆርጂያ ጥቁሮች በይፋ እንዲዋኙበት የተፈቀደ የመጀመሪያው ባሕር ዳር ሆነ። መግቢያ አይከፈልበትም። አሜሪካ ተወልደው ለሚያድጉ የሐበሻ ልጆች ጥሩ ወሬ ያስነሳል።

ከጄኪል አንድ ሰዓት ያህል ነድታችሁ ፎክስተን ከተማ አጠገብ ኦኪፌኖኪ ረግረግ ትገባላችሁ። ሦስት መግቢያ አለው፤ ለእናንተ የሚቀርበው ይህ የምሥራቁ ነው። ሌሎቹ ሩቅ ናቸውና ጂፒኤሱ እንዳያሳስታችሁ። ከ400 ሺህ ኤከር በላይ ስፋት አለው። በ1890ዎቹ አንድ ኩባንያ ረግረጉን አድርቆ እርሻ ሊያደርገው ቦይ መቆፈር ጀመረ። አልሆነለትም፣ ከሰረ። በ1937 የዱር እንስሳት መጠለያ ሆነ። ዛሬ የጉብኝት ጀልባዎቹ የሚሄዱት በዚያው ያልተሳካ ቦይ ላይ ነው።

አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጀውን አስጎብኚ ያለበትን ጀልባ ያዙ። የመጀመሪያውን የጠዋት ጉዞ ደውላችሁ አስይዙ። እናትዎ ተቀምጠው ነው የሚያዩት፣ ጉልበታቸው ያርፋል። ውሃው እንደ ቡና የጠቆረ ነው። ቆሻሻ ሆኖ አይደለም፣ የበሰበሰ ቅጠልና ሥር ቀለሙን ለቆበት ነው። ነፋስ ከሌለ ሰማዩና ዛፉ ተገልብጦ ይታይበታል፣ የቱ ውሃ የቱ ሰማይ እንደሆነ ያምታታል። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያጠፋ ሁለት ጉብታ ውሃው ላይ ታያላችሁ፤ ዓይንና አፍንጫ ነው። አሊጌተር ነው፣ የአዞ ዘመድ። ልጆቹ እጃቸውን ከጀልባው ውጭ አያውጡ። ከወረዳችሁ በኋላም ከውሃ ዳር ራቁ፣ ምንም ነገር አትመግቧቸው። ሰው የመገበው አሊጌተር ሰውን መፍራት ያቆማል። የዝንብና የትንኝ መከላከያ ቅባት አትርሱ፤ በጁን ተናካሽ ዝንቡ ይብሳል።

በዚያው አካባቢ ሰዎች ከምበርላንድ ደሴት ሂዱ ይሏችኋል፣ የዱር ፈረስ ያለበት። ውብ ነው። እናንተ ግን ተዉት። በፌሪ ነው የሚገባው፣ ደሴቱ ላይ ሱቅ የለም፣ አብዛኛው ነገር በእግር ነው፣ የመመለሻው ጀልባ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ነው። ለታመመ ጉልበትና ለአራት ዓመት ልጅ አይሆንም።

አሁን ስለ ምግብ። ደቡብ ውስጥ አትክልት አትክልት ነው ብላችሁ አትመኑ። ኮላርድ ግሪን ጎመን ነው፤ እናትዎ ሲያዩት ደስ ይላቸዋል። ግን በብዛት የሚቀቀለው በአሳማ ሥጋ ነው። ፎሶሊያውም፣ ባቄላውም እንዲሁ። ግሪትስ የሚባለው የበቆሎ ገንፎ ቅቤ ወይም አይብ ይገባበታል። ስለዚህ ጾመኛም ሆነ እስላም አብሯችሁ ካለ «ሥጋ አለው ወይ?» አትበሉ፤ «አሳማ ወይም የሥጋ መረቅ ገብቶበታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አስተናጋጁ ለመጀመሪያው ጥያቄ የለውም ሊላችሁ ይችላል፣ ቁራጩ ከድስቱ ስለወጣ። ባሕሩ ዳር ደግሞ ምናሌው ሁሉ ሽሪምፕ ነው፣ እናትዎ አይተውም አይነኩት። ከቤት እንጀራ፣ ሽሮና ድርቆሽ በበረዶ ሳጥን ያዙ፤ ምድጃ ያለው ክፍል ተከራዩ። መንገድ ዳር የሚሸጠው የተቀቀለ ለውዝ የጾም ነው፣ ጨዋማ ነው፣ ይጣፍጣል። የጆርጂያ ኮክም በዚህ ወር ደርሶ ታገኙታላችሁ።

ሣር ላይ ጨርቅ አንጥፋችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት መሬቱን እዩ። የተቦካ የመሰለ ትንሽ የአፈር ክምር ካለ ቀይ ጉንዳን ነው። ሲረገጥ በአንድ ጊዜ ወጥተው እግር ላይ ይወጣሉ፣ ንክሻቸው ያቃጥላል፣ በማግስቱ መግል ይይዛል። የጆርጂያ ሰው ልጁን መጀመሪያ የሚያስተምረው ይህንን ነው።

ከጄኪል ወደ ክላርክስተን አምስት ሰዓት ያህል መንገድ አለ። መሃል ላይ ሜከን ውስጥ ኦክመልጊ ማውንድስ ቁሙ። መግቢያው ነፃ ነው። ከሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ሕዝቦች አፈር በቅርጫት ተሸክመው የሠሯቸው ኮረብቶች ናቸው፤ ትልቁ 55 ጫማ ከፍታ አለው። የእኔ ምርጫ ግን ትንሹ የሸክላ ቤት ነው። ጎንበስ ብላችሁ በጠባብ መተላለፊያ ትገባላችሁ። ጣሪያውና ግድግዳው በኋላ የተሠራ ነው፤ ወለሉ ግን የዚያን ዘመን ነው፣ ከ1015 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ያለ። በዙሪያው ከሸክላው የተቀረጹ መቀመጫዎች አሉ፣ ከፊት ደግሞ በንስር ቅርጽ የተሠራ መድረክ። ሽማግሌዎች ክብ ሠርተው የሚመክሩበት ቦታ እንደነበር ይታሰባል። እናትዎ መጎንበሱ ከከበዳቸው ሙዚየሙ ውስጥ ኤሲና ወንበር አለ።

ክላርክስተን ከደረሳችሁ በኋላ ቤታችሁ ናችሁ፣ ሱቁንም ቤተ ክርስቲያኑንም እህትዎ ያውቁታል። አንድ ሥራ ግን አሁኑኑ ስጧቸው። የጆርጂያ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ካላቸው ለስቴት ፓርኮች የፓርኪንግ ፓስና የአትላንታ ዙ የቤተሰብ ፓስ እንደ መጽሐፍ መዋስ ይችላሉ። ብዙ የሐበሻ ቤተሰብ ይህንን አያውቅም። ወረፋ ስላለው ቀደም ብለው ይመዝገቡ። ዙ ከሄዳችሁ ለትንሹ ፓንዳ ቃል አትግቡለት፤ ፓንዳዎቹ በ2024 ወደ ቻይና ተመልሰዋል። ጎሪላዎቹ ግን አሉ፣ ለእነሱ ብቻ መሄድ ያዋጣል።

አኳሪየሙ ያላችሁ ሰው ሁሉ አልተሳሳተም። በ2005 የተከፈተ ነው፣ ከ6 ሚሊዮን ጋሎን በላይ ውሃ የያዘ ገንዳ አለው፣ በሥሩ በመስታወት ዋሻ ይታለፋል፤ የሚንቀሳቀስ መርገጫ ስላለው እናትዎ ቆመው ማንታ ሬይ የሚባለው ትልቅ ጠፍጣፋ ዓሣ በራሳቸው ላይ ሲያልፍ ያዩታል። ኪስ ግን ይነካል፣ ለአንድ ሰው ከ40 ዶላር በላይ ነው። ዋጋው በቀንና በሰዓት ይለያያልና በሥራ ቀን፣ በኢንተርኔት ቀድማችሁ ግዙ። ባሕሩን፣ ኤሊውንና አሊጌተሩን አይታችሁ መጥታችሁ በጀት ከጠበበ ብትተዉት አይቆጨኝም። ኮካ ኮላውን እኔ እዘለዋለሁ። ገንዘብ ከፍሎ ማስታወቂያ ማየት ነው፤ መጨረሻ ላይ ልጆቹ ከየአገሩ ለስላሳ ቀምሰው በስኳር ሰክረው ይወጣሉ።

ሁለቱ ፊት ለፊት ያለው የሴንቴኒያል ኦሎምፒክ ፓርክ ነፃ ነው። አምስቱን ቀለበት የሠራ ፏፏቴ አለ፣ ልጆች ልብሳቸውን እንደለበሱ ይገቡበታል፤ ቅያሪ ያዙ። ለእናትዎ ደግሞ የ1996ቱን አትላንታ አስታውሷቸው። ፋጡማ ሮባ ማራቶንን ያሸነፈችው በዚህች ከተማ ጎዳና ነው፤ ከአፍሪካ ሴቶች በኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ናት። በማግስቱ ኃይሌ ፖል ተርጋትን ቀድሞ 10 ሺህውን ወሰደ። የትራኩ ጥንካሬ እግሩን ስላቆሰለው 5 ሺህውን ሳይሮጥ ቀረ። ስታዲየሙ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ ሆኗል፤ የኦሎምፒክ ችቦ የነደደበት ማማ ግን አጠገቡ ቆሟል፣ ከመኪና ሳትወርዱ ይታያል። የዚያን ጊዜ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ዙሪያ የነበረውን ጩኸት እናትዎ ለልጆቹ ያጫውቷቸው፤ ከእኔ የተሻሉ አስጎብኚ ይሆናሉ።

የማርቲን ሉተር ኪንግ ፓርክ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፣ ፓርኪንጉም ጭምር። እሱና ባለቤቱ ኮሬታ የተቀበሩበት ቦታ ውሃ መሃል ነው። የሰበከበት ኤቤኔዘር ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ፤ ድምፁን በቅጂ ያሰማሉ። የተወለደበት ቤት ለእድሳት ተዘግቶ ስለነበር ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ። ሦስተኛው ባጅ እዚህ ነው።

ስቶን ማውንቴን ከክላርክስተን ጥቂት ደቂቃ ነው። ለመኪናው 20 ዶላር ይከፈላል፣ ተንጠልጣዩ ገመድ መኪና ለብቻ ነው። ጉልበት የሚያማቸውን ሰው ጫፍ የሚያደርስ ተራራ ሌላ ቅርብ የለም። ሌሎቹ በእግር አንድ ማይል ይውጡ፣ በማለዳ። ዓለቱ ላይ የተቀረጹት ሦስት ፈረሰኞች ግን ባርነትን ለማቆየት የተዋጉት የኮንፌደሬሽን፣ የደቡቡ ወገን፣ መሪዎች ናቸው፤ ሥራው የተጠናቀቀው በ1972 ነው። ጥቁሮችን ያሸብር የነበረው ኩ ክሉክስ ክላን በ1915 ዳግም የተመሠረተውም እዚሁ አናት ላይ ነው። ኪንግ በ1963 የዋሽንግተን ንግግሩ ይህን ተራራ በስም የጠራው በምክንያት ነበር። ኪንግን ባያችሁበት ቀን አመሻሽ ብትሄዱ ልጆቹ ነገሩን ራሳቸው ያገናኙታል።

ለተራራው ቀን አሚካሎላ ፏፏቴን ያዙ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይርቃል። 729 ጫማ ይወርዳል። ሰው ሁሉ ስለ 604ቱ ደረጃ ነው የሚያወራው። እናንተ «ዌስት ሪጅ» የሚለውን ፓርኪንግ ፈልጉ። ከዚያ እስከ ፏፏቴው መሃል ድልድይ ድረስ ለዊልቸር እንዲሆን የተሠራ፣ ለስላሳና ሜዳ የሆነ አጭር መንገድ አለ። እናትዎ ድልድዩ ላይ ቆመው የውሃው ብናኝ ፊታቸውን ያረጥበዋል፣ ያለ አንድ ደረጃ። ጎበዞቹ ደረጃውን ይውጡ። ስትመለሱ ዳሎኔጋ የምትባለው ከተማ ቁሙና ልጆቹ በሳህን አሸዋ እያጠቡ ወርቅ ይፈልጉ። በ1829 ገደማ የወርቅ ሩጫ የተነሳው እዚህ ነው፤ መሬቱ የቼሮኪ ሕዝብ ነበር፣ ወርቁ መባረራቸውን አፋጠነው። ታሉላ ገደልም ውብ ነው፣ ደረጃው ግን ለእናንተ አይሆንም። ሄለን የምትባለው ጀርመን መሳይ ከተማ በ1969 ቱሪስት ለመሳብ ብላ የለበሰችው ልብስ ነው፤ ቅዳሜ ከሆነ ፓርኪንግ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ሀ ሁ የሚማር ልጅ ካላችሁ ግን ከተራራው ይልቅ ኒው ኢኮታ ብትሄዱ አልቃወምም። ካልሁን አጠገብ፣ በአይ 75 ነው። የቼሮኪ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። ሴኮያ የተባለ ማንበብ የማይችል ሰው በ1821 ለቋንቋው ፊደል ፈጠረ፤ እንደ እኛው አንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ ከነአናባቢው ይይዛል። በ1828 በዚያ ፊደል ጋዜጣ እዚህ ታተመ። የማተሚያ ቤቱ እንደነበረ ተሠርቶ ይታያል። ከአሥር ዓመት በኋላ ሕዝቡ በወታደር ተነድቶ ወደ ምዕራብ ተወሰደ።

ቅድሚያ የሚያዘው የጄኪል ወይም የብረንስዊክ ማደሪያ ነው፤ ለጁን መጨረሻ ቶሎ ያልቃል፣ ብረንስዊክ ይረክሳል። ቀጥሎ የኦኪፌኖኪ ጀልባ። ሌላው ሁሉ ደርሳችሁም ይሆናል። ወደ ቤት ስትመለሱ ክላርክስተንን ሳይነጋ ልቀቁ፤ 630 ማይል ገደማ ነው፣ አትላንታንና ሻርለትን በሥራ መግቢያ ሰዓት ካገኛችኋቸው ቀኑ ያልቅባችኋል።